አልፍሬድ ሊትልተን፦ ጠበቃው የሜዳ ሰው

አልፍሬድ ሊትልተን (1857–1913) እንግሊዛዊ ጠበቃና ፖለቲከኛ ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ሜዳው ነው። በእግር ኳስም በክሪኬትም ለእንግሊዝ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከባሮን ሊትልተን ስምንት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነው። የተማረው በኢተን ትምህርት ቤትና በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው።

በ1876 ከኢተን የቀድሞ ተማሪዎች ክለብ ከኦልድ ኢቶኒያንስ ጋር ለኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በድጋሚ ጨዋታ በዋንደረርስ ክለብ ተሸነፈ። በ1877 እንግሊዝ በስኮትላንድ 3 ለ 1 ስትሸነፍ የእንግሊዝን ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ ነበር። አንድ የቡድን ጓደኛው «ኳስ አታቀብልም» ብሎ ቢወቅሰው «እኔ የምጫወተው ለራሴ ደስታ ነው» ብሎ መለሰ ይባላል። እውነትም ሆነ ተረት፣ ከሰውዬው ጋር ይሄዳል።

በክሪኬት 4 ቴስት (በአገሮች ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ የብዙ ቀን ጨዋታ) ብቻ ነው የተጫወተው። ቦታው ዊኬት ጠባቂነት ነው፤ ከመቺው ጀርባ ቆሞ ኳስ መቅለብ ማለት ነው። በነሐሴ 1884 ግን በለንደኑ ኦቫል ጉድ ታየ። የአውስትራሊያው መቺ መርዶክ 211 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጠረ፤ በቴስት ክሪኬት የመጀመሪያው ድርብ መቶ (200 እና ከዚያ በላይ ሩጫ) ነው። ወርዋሪዎቹ ደከሙ። የእንግሊዝ 11 ተጫዋቾች አንድም ሳይቀር ወረወሩ። ሊትልተንም ጓንቱን አውልቆ፣ የእግር መከላከያውን ግን እንዳጠለቀ፣ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ቀስ ያሉ ኳሶችን መወርወር ጀመረ። 19 ሩጫ ብቻ ተቆጥሮበት 4 መቺ ከጨዋታ አስወጣ! በእሱ ቦታ ዊኬት ጠባቂ ሆኖ የቆመው ታላቁ የእንግሊዝ ክሪኬተኛ ደብልዩ ጂ ግሬስ ነበር። እሱም ከሊትልተን የተወረወረ ኳስ ቀልቦ የአውስትራሊያውን መቺ ሚድዊንተርን አሰናበተ። አውስትራሊያ በ551 ሩጫ ቆመች፤ ጨዋታው በአቻ ተጠናቀቀ።

በአዳራሽ ውስጥ በሚካሄደው ጥንታዊ ቴኒስም የአማተሮች ሻምፒዮን ሆኗል።

በ1881 በለንደኑ የጠበቆች ማኅበር በኢነር ቴምፕል የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1900 የንግሥቲቱ አማካሪ ጠበቃ የሚባለውን የከፍተኛ ጠበቆች ማዕረግ አገኘ። ፓርላማ የገባው በ1895 ነው፤ በ1903 ቻምበርሌንን ተክቶ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ። ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ ደቡብ አፍሪካው ትራንስቫል ማዕድን እንዲገቡ መፍቀዱ ብዙ አስወቀሰው፤ ተቃዋሚዎቹ «ባርነት ነው» ብለው ጮኹ። ጥያቄው የመጣው ከደቡብ አፍሪካው አስተዳዳሪ ከሚልነር ነው። የመጨረሻው ፈቃድ ግን የሊትልተን ነበር፤ ይህ አይካድም። በ1906 ምርጫ ወንበሩን አጣ፤ በዚያው ዓመት በሌላ ወንበር ተመለሰ።

በ1913 ክሪኬት ሲጫወት ኳስ ሆዱን መታው። ጉዳቱ መግል ቋጠረ፤ ሐምሌ 5 ቀን በ56 ዓመቱ ሞተ። ፓርላማ ውስጥ ከፍ አድርጎ ያወደሰው የተቃራኒው ፓርቲ ሰው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲት፣ ነበር። እሱም ጠበቃ ነው።