«ሚሊየነር ሆነ» የሚባለው ወጣት በረኛ በእርግጥ ስንት ይደርሰዋል?

በየዓመቱ ሰኔ ማብቂያ ላይ ያው ወሬ ይነሣል። የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ወጣቶችን በድራፍት፣ ማለትም ክለቦቹ በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ይመርጣል፤ ከዚያ ክለቦቹ «ከበረኛው ጋር የሦስት ዓመት ውል ተፈራርመናል» የሚል ሁለት መስመር መግለጫ ያወጣሉ። ወዲያው «ልጁ አለፈለት»፣ «በ19 ዓመቱ ሚሊየነር ሆነ» ይባላል። ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ልጃቸውን ወደ በረዶ ሜዳ የሚያመላልሱ ወገኖቻችንም ይህንኑ ሰምተው ነው ሒሳብ የሚጀምሩት። ሒሳቡ ከመነሻው ስሕተት ነው፤ ለበረኛ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ እጥፍ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የደከመ ቤተሰብ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሲወስን ማየት ያሳዝናል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደንቦቹም እስከ መስከረም 2026 እንዲጸና በተፈረመው የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የጋራ ስምምነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

«ቀድሞ የተመረጠ በረኛ በውሉም ይበልጣል»

አይበልጥም። የጀማሪ ውል፣ ማለትም ወጣት ተጫዋች ከኤንኤችኤል ክለብ ጋር የሚፈርመው የመጀመሪያ ውል፣ በሊጉ ደንብ የታጠረ ነው። ከ2011 እስከ 2021 የተመረጠ ማንም ሰው፣ ከአፈጻጸም ቦነስ ውጭ፣ በዓመት ከ925 ሺህ ዶላር በላይ መፈረም አይችልም፤ በ2022 እና በ2023 ለተመረጡት ጣሪያው 950 ሺህ ነው። አንደኛ የወጣውም 200ኛ የወጣውም ከዚያ አያልፍም። በረኛ ላይ ደግሞ የምርጫ ቁጥር ከየትኛውም ቦታ ይበልጥ ያሳስታል። ከማርክ አንድሬ ፍሎሪ (2003) ወዲህ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ በረኛ የለም። ሄንሪክ ሉንድክቪስት 205ኛ፣ ኮነር ሄለባክ 130ኛ፣ ኢጎር ሼስተርኪን 118ኛ ነበሩ።

«ጎበዝ ወኪል ቢይዝ ኖሮ አምስት ዓመት ያስፈርመው ነበር»

የጀማሪ ውልን ርዝመት የሚወስነው የልጁ ዕድሜ ነው እንጂ ወኪሉ አይደለም። በሚፈርምበት ዓመት መስከረም 15 ላይ ዕድሜው ከ18 እስከ 21 ከሆነ ውሉ ሦስት ዓመት፣ 22 ወይም 23 ከሆነ ሁለት ዓመት፣ 24 ከሆነ አንድ ዓመት ነው። ድርድር የለውም።

አጭር መሆኑ ጉዳት የሚመስላቸው አሉ። ሼስተርኪን በ2019 ከኒውዮርክ ሬንጀርስ ጋር ሲፈርም 23 ዓመቱ ስለነበር ሁለት ዓመት ብቻ ነው የተሰጠው። በዚያው ምክንያት በ2021 እንደገና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና የአራት ዓመት ውል ወደ 22.67 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የስምንት ዓመት ውል በ92 ሚሊዮን። ያኔ በ2019 አሜሪካ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የተላከው ሃርትፎርድ ወዳለው የሁለተኛው ሊግ ቡድን ነበር።

«925 ሺህ ፈርሞ 925 ሺህ ይወስዳል»

ዋናው ስሕተት ይኸ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወለዳል።

የጀማሪ ውል ሁልጊዜ ባለሁለት ዋጋ ውል ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ደመወዝ ተጽፏል፦ አንዱ በኤንኤችኤል ቡድን ዝርዝር ውስጥ ለሚያሳልፋቸው ቀናት፣ ሌላው በኤኤችኤል፣ ማለትም በሁለተኛው ሊግ፣ ለሚያሳልፋቸው ቀናት። የሁለተኛው ሊግ ደመወዝ ጣሪያ ለብዙ ዓመታት 70 ሺህ ዶላር ነበር፤ ኋላ ከፍ ቢልም ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጋዜጣው የሚያወጣው ግን የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን በወረቀት እናስላው። ልጁ በ925 ሺህ ጣሪያ ፈረመ እንበል። ከዚህ ውስጥ እስከ 10 በመቶ የፊርማ ክፍያ ሊሆን ይችላል፤ ይህ 92,500 ነው። የቀረው 832,500 ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ በቀን ተቆጥሮ ነው የሚከፈለው። ስሌቱ እንዲቀል የውድድር ዘመኑ 185 ቀን ነው ብንል፣ በኤንኤችኤል ያለ አንድ ቀን 4,500 ዶላር ያወጣል። በኤኤችኤል ያለ አንድ ቀን 378 ዶላር ገደማ ነው።

ወጣት በረኛ በመጀመሪያ ዓመቱ ምን ይገጥመዋል? ከላይ ያሉት ሁለቱ በረኞች ጤነኛ ከሆኑ ቦታ የለም። አንዱ ብሽሽቱን ሲታመም ልጁ ይጠራል፤ አሥር ቀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምናልባት አንድም ደቂቃ ሳይጫወት፣ ይመለሳል። አሥሩ ቀን 45 ሺህ ዶላር ነው። የቀሩት 175 ቀናት 66,216 ናቸው። የፊርማ ክፍያው ሲጨመር 203,716 ይሆናል። «925 ሺህ» የተባለው ልጅ ከግብር በፊት ያገኘው ይህን ነው። ከዚያ ላይ ሊጉ ገቢን ለማመጣጠን የሚይዘው ተቀናሽ አለ፤ የወኪል ድርሻ አለ፤ ግብር አለ። ኦንታሪዮ ውስጥ ከፍተኛው የገቢ ግብር እርከን 53.53 በመቶ ነው። ደመወዙ የሚከፈለውም በውድድር ወራት ነው፤ በጋውን ሙሉ የግል አሠልጣኝ፣ የበረዶ ሜዳ ኪራይና የቤት ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ነው።

ክለቦች ደግሞ ቀን ሲቆጥሩ ኖረዋል። በሁለት ጨዋታዎች መካከል የሦስት ቀን ዕረፍት ካለ ልጁን በወረቀት ብቻ ወደ ታች ልከው በአራተኛው ቀን መልሰው ይጠሩት ነበር። ልጁ ከሆቴሉ ሳይወጣ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ስሌት ግን ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ከደመወዙ ይቀር ነበር። ይህ ማታለል አልነበረም፤ ውሉ የሚፈቅደው ነበር። ስለዚህ ፊርማው ዕለት ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ፈረመ?» ሳይሆን «የታችኛው ደመወዝ ስንት ነው? የፊርማ ክፍያውስ 10 በመቶ ሙሉ ነው ወይ?» የሚለው ነው።

«ቦነሱስ?» ይላሉ። የአፈጻጸም ቦነስ አለ፤ ነገር ግን የበረኛ መለኪያዎች ተሰልፎ ለሚጫወት ሰው የተሠሩ ናቸው። አንደኛው 1,800 ደቂቃ መጫወት ነው፤ 30 ሙሉ ጨዋታ ማለት ነው። ሌላው 20 ድል ነው። ሁለተኛ በረኛ ሆኖ በአንድ የውድድር ወቅት 20 ጨዋታ የሚያገኝ ልጅ አንዱንም አይነካም። አጥቂ በአሥር ደቂቃ የሜዳ ጊዜም ቢሆን ጎል ሊያስቆጥር ይችላል፤ በረኛ ግን ወይ ሙሉ ጨዋታ ነው ወይ ዜሮ።

«በ18 ዓመቱ የፈረመ በ21 ነጻ ይወጣል»

አይወጣም። 18 ወይም 19 ዓመቱ የሆነ ልጅ በዚያ ወቅት አሥር የኤንኤችኤል ጨዋታ ካልተጫወተ ውሉ ሳይቆጠር በአንድ ዓመት ይገፋል። የሚቆጠረው የተጫወተው ነው፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አይቆጠርም። በረኛ በ18 ዓመቱ አሥር ጨዋታ መጫወቱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ የበረኛ ውል ሁለት ጊዜ መገፋቱ የተለመደ ነው፤ ሦስት ዓመት የተባለው አምስት ዓመት ይፈጃል።

በእነዚያ በተገፉት ዓመታት ምን ይከፈላል? ከካናዳ ጁኒየር ሊጎች የመጣ ልጅ 20 ዓመት እስኪሞላው ባብዛኛው ወደ ኤኤችኤል መላክ ስለማይፈቀድ ወደ ጁኒየር ቡድኑ ይመለሳል። እዚያ የኤንኤችኤል ደመወዝ የለም፤ የኤኤችኤልም የለም። የሚደርሰው የፊርማ ክፍያው ብቻ ነው፤ እሱ ውሉ ቢገፋም በቀኑ ይከፈላል። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ዓመት ሌላ የፊርማ ክፍያ ይዞ አይመጣም። ቀድሞ የበላው ቀድሞ ተበልቷል።

ለመፈረም መጣደፍ ሌላም በር ይዘጋል። ከነሐሴ 2025 ጀምሮ የካናዳ ጁኒየር ተጫዋቾች ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ መግባት ተፈቅዶላቸዋል። የኤንኤችኤል ውል የፈረመ ግን አይገባም። በረኛ ከሌላው ተጫዋች ዘግይቶ የሚበስል ስለሆነ በየሳምንቱ የሚጫወትባቸው ሁለትና ሦስት የኮሌጅ ዓመታት፣ ፈርሞ ከመገፋት ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። ትምህርቱ ደግሞ በላዩ ላይ ነው።

«ወደ ታች ካወረዱት ሌላ ክለብ ይነጥቃቸዋል፤ ስለዚህ አያወርዱትም»

ይህ ለአንጋፋ ተጫዋች እውነት ነው። አንጋፋ ሲወርድ ሌሎቹ ክለቦች በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ዌቨር የሚባለው ይኸ ነው። ወጣት ግን ከዌቨር ነጻ የሚሆንበት ዘመን አለው፤ በ18 ዓመቱ ለፈረመ የሜዳ ተጫዋች አምስት ዓመት ወይም 160 ጨዋታ፣ ለበረኛ ስድስት ዓመት ወይም 80 ጨዋታ። በ20 ዓመቱ ለፈረመ በረኛ አራት ዓመት ወይም 80 ጨዋታ። ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። እስከዚያ ክለቡ እንደ ሊፍት ሊያወጣው ሊያወርደው ይችላል፤ ማንም አይነካበትም።

«ባለአንድ ዋጋ ውል ያለው በረኛ አይወርድም»

ይወርዳል። ባለአንድ ዋጋ ማለት የትም ቢጫወት ደመወዙ አይቀነስም ማለት ብቻ ነው። ስፔንሰር ናይት በ2022 ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የሦስት ዓመት ውል ፈርሞ፣ 2023–24ን ሻርሎት ውስጥ በኤኤችኤል ነው ያሳለፈው። ክለቡም ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ሊያወጣ ከሚፈቀድለት የደመወዝ ጣሪያ ላይ የተቀነሰለት የሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝና 375 ሺህ ዶላር ሲደመር፣ 1.15 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ 3.35 ሚሊዮኑ እንዳለ ተቆጥሯል።

«የፈረመው ገንዘብ በሙሉ ዋስትና አለው»

በከፊል። ክለቡ ውሉን መግዛት፣ ማለትም ከፊሉን ከፍሎ ማቋረጥ፣ ይችላል፤ ዕድሜው 26 ያልሞላ ተጫዋች ከቀረው ደመወዝ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሦስተኛውን። ክፍያውም በቀሪው ዘመን እጥፍ ተዘርግቶ ነው። ሪክ ዲፒየትሮ ከኒውዮርክ አይላንደርስ ጋር በ2006 የ15 ዓመት ውል በ67.5 ሚሊዮን ፈርሞ በ2013 ሲገዛ በዓመት 1.5 ሚሊዮን እስከ 2029 የሚከፈለው ሆነ። እሱ ትልቁን መጠን፣ ሁለት ሦስተኛውን፣ ያገኘው ዕድሜው ከ26 ስላለፈ ነው።

«እስከ 27 ዓመቱ የክለቡ ነው፤ ምንም ማድረግ አይችልም»

ሁለት መውጫ አለ፤ ሁለቱም ለበረኛ የተለየ ቁጥር አላቸው። 25 ዓመት የሞላው፣ ሦስት የፕሮፌሽናል ወቅት ያለውና 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተጫወተባቸው የኤንኤችኤል ጨዋታዎች ከ28 በታች የሆኑ በረኛ ውሉ ሲያልቅ ሙሉ ነጻ ይሆናል። ለሜዳ ተጫዋች ቁጥሩ 80 ነው። ሁለተኛው ሰባት የተቆጠሩ ወቅቶች ማጠናቀቅ ነው። አንድ ወቅት እንዲቆጠር የሜዳ ተጫዋች 40 ጨዋታ፣ በረኛ 30 ጨዋታ በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ መሆን ይበቃዋል። እዚህ ላይ ወንበር ላይ መቀመጥ ይቆጠራል። ከላይ ካለው የአሥር ጨዋታ ደንብ ጋር የሚያምታቱት ይህንን ነው።

በ22 ዓመቱ ያልተሰለፈ በረኛ አከተመለት የሚሉትም አሉ። ጆርዳን ቢኒንግተን በ2011 ተመርጦ በኤንኤችኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው የተሰለፈው በጥር 2019፣ በ25 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ሰኔ ከሴንት ሉዊስ ብሉዝ ጋር የስታንሊ ዋንጫን አነሣ፤ በሐምሌ የሁለት ዓመት ውል በ8.8 ሚሊዮን ፈረመ።

«ከተመልካች መሀል ተጠርቶ የገባው በረኛም ውል አገኘ»

ዴቪድ አይረስ በየካቲት 2020 ቶሮንቶ ላይ በ42 ዓመቱ ገብቶ ለካሮላይና ስምንት ኳስ ባዳነበት ምሽት የፈረመው የአማተር ሙከራ ወረቀት ነው፤ የተከፈለው 500 ዶላር ሲሆን የለበሰውን ማልያም ወስዷል።

እንግዲህ ወረቀቱ ፊታችሁ ሲቀርብ ርዝመቱና ጣሪያው የተወሰኑ ስለሆኑ ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አታፍስሱ። የሚደራደሩበት አራት ነገር ነው፦ የታችኛው ሊግ ደመወዝ፣ የፊርማ ክፍያው፣ የቦነሱ ዝርዝርና፣ ልጁ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ፣ ላይኛው ቡድን ካልገባ ወደ ኤኤችኤል ሳይሆን ወደ አገሩ ክለብ እንዲመለስ የሚያስችለው አንቀጽ። አምስተኛው ውሉ ላይ አይጻፍም፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ክለብ ቢበዛ 50 ውል ነው መያዝ የሚችለው። ፈራሚው ክለብ ውስጥ ስንት በረኛ ውል እንዳለው፣ ዕድሜያቸውንና ውላቸው የሚያልቅበትን ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የኤኤችኤል ቡድን 72 ጨዋታ አለው፤ ሁለት በረኛ ይካፈሉታል፤ ሦስተኛው ወደ ኢሲኤችኤል፣ ማለትም ወደ ሦስተኛው ሊግ፣ ይወርዳል ወይም ሳይጫወት ይከርማል። ከልጃችሁ በላይ ከ24 ዓመት በታች የሆኑና ገና ሦስት ዓመት ውል የቀራቸው ሁለት በረኞች ካሉ፣ ልጁ የሚሆነው ያ ሦስተኛው ነው።