ዱቤ መቼ ዕዳ ይሆናል? የድሬዳዋ ንግድና የኪሳራ ሕግ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ከወደብ የመጣ ዕቃ እዚህ ተራግፎ ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ ያልፋል፤ በዱቤ መቀባበልም የቆየ ልማድ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ የአንድን ጅምላ ነጋዴ ደብተር ብንገልጥ የምናገኘው ስም፣ የዕቃ ዓይነትና ቁጥር ነው፤ የተከፈለው ላይ ሰረዝ ይደረግበታል። ያልተሰረዘው ሁሉ ግን በኪሳራ ችሎት ፊት እኩል ዕዳ አይደለም።

ገበያ ላይ «ከሰርኩ» ማለት አላተረፍኩም ማለት ነው። ሕጉ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ነጋዴው መክፈል አቁሟል ወይስ አላቆመም? ትርፍ አጥቶም ዕዳውን በቀኑ የሚከፍል አልከሰረም። መጋዘኑ ሞልቶ፣ ጊዜው ለደረሰ ዕዳ የሚሆን ገንዘብ ያጣ ግን ሊከስር ይችላል።

ለዚህ ፍርድ የሚቆጠረው የመክፈያ ጊዜው የደረሰና መጠኑ የታወቀ ግዴታ ነው። ዋጋው «ዕቃው ድሬዳዋ ሲገባ» ሊከፈል ውል ከታሰረና ዕቃው ገና ጅቡቲ ከሆነ፣ ሻጩ ዛሬ ሊጠይቀው የሚችል ዕዳ የለም። ዕቁብ ደርሶት ገንዘቡን የበላ ነጋዴም ቢሆን፣ ቀሪዎቹ ዙሮች ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። ያልጣለው ያለፈው ሳምንት ግን ዕዳ ነው።

የሚያከራክረው «አልከፍልም፣ ዕቃው ብልሽት አለው» የሚለው መልስ ነው። ሲሚንቶው እርጥበት ነክቶት ጓል ሆኖ ደረሰ እንበል። ገዢው ከረጢቱን ቀዶ አሳይቶ፣ ወዲያው ለሻጩ አስታውቆ ከሆነ፣ እንቢታው የውል ክርክር ነው፤ ገንዘብ ማጣቱን አያሳይም። ሰባት ወር ዝም ብሎ ሲከሰስ ብቻ ስለ ጓሉ ቢያነሳ ግን ዳኛ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም። በእኔ እምነት፣ ተበዳሪን ለማስፈራራት ብቻ የኪሳራ አቤቱታ ማቅረብ ጎጂ ነው፤ ወሬው ከተሰማ ዱቤ የሚሰጠው ሁሉ ይሸሻል፣ ጤነኛውም ሱቅ ይዘጋል።

ማስረጃውም ለየብቻ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። የዱቤ ሽያጭ ግን ብድር አይደለም፤ ዕቃውን ያወረደው ወዛደር ሊመሰክርበት ይችላል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ቢበዳደሩም ሊቻቻል (አንዱ በሌላው ሊጣፋ) የሚችለው ልኩ የታወቀና ጊዜው የደረሰ ዕዳ ነው።

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል ተክቷል። ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ከባለገንዘቦቹ (ዕዳ ከሚጠይቁት) ጋር ዕዳውን የሚያሸጋሽግበትንም መንገድ ከፍቷል፤ ለድሬዳዋ ነጋዴ ትልቁ ትርፍ ይህ ይመስለኛል።

ኪሳራው ከታወጀ በኋላ ደብተሩ ትርጉሙ ይለወጣል። ባንክ የያዘውን መያዣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በሐራጅ ይሸጣል፤ ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅድሚያ አላቸው። መያዣ ያልያዘው የቀፊራ ጅምላ ነጋዴ ደብተሩን ይዞ ዕዳውን ያስመዘግባል፣ የሚደርሰውም ከተረፈው ላይ በድርሻው ነው።