ሜትሄሞግሎቢን ምንድን ነው? ኦክሲሜትሩስ ለምን 85 ላይ ይቆማል?

ታካሚው ኦፕራሲዮን ላይ ነው። ጣቱ ላይ የተሰካው ኦክሲሜትር፣ ማለትም ከሄሞግሎቢኑ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ የሚያሳየው መሣሪያ፣ 85 ይላል። ኦክስጅን ቢጨመርለትም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ሳንባው ደህና ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦውም ቦታው ላይ ነው። ሰመመን ሰጪው እዚህ ላይ ሜትሄሞግሎቢንን መጠርጠር አለበት።

ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ኦክስጅን የሚሸከመው በውስጡ ባለው ብረት ነው። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ሄሞግሎቢኑ ሜትሄሞግሎቢን ይሆናል፤ ኦክስጅን መያዝ ያቅተዋል። ይባስ ብሎ፣ የተረፈው ደህና ሄሞግሎቢን የያዘውን ኦክስጅን በቀላሉ አይለቅም። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም 1 በመቶ ገደማ ሜትሄሞግሎቢን ይገኛል፤ ጣጣው ሲበዛ ነው። በዘር የሚመጣ ዓይነት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው መድኃኒት ነው። ፕሪሎኬይንና ቤንዞኬይን የተባሉት ማደንዘዣዎች፣ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን፣ ለወባ የሚሰጠው ፕሪማኪን ይጠቀሳሉ። ደሙ ሲቀዳ ቸኮሌት ይመስላል።

ታዲያ 85 ከየት መጣ? ኦክሲሜትሩ የሚያውቀው ሁለት ብርሃን ብቻ ነው፦ 660 ናኖሜትር የሆነውን ቀዩንና 940 የሆነውን ኢንፍራሬድ። ሁለቱ ምን ያህል እንደተመጠጡ ያነጻጽርና ቁጥር ያወጣል። ሜትሄሞግሎቢን ግን ሁለቱንም በእኩል ያህል ይመጥጣል። ንጽጽሩ ወደ 1 ይጠጋል። መሣሪያው ደግሞ 1ን የሚያነበው 85 በመቶ ብሎ ነው። ስለዚህ ከሄሞግሎቢኑ ግማሹ ሜትሄሞግሎቢን ቢሆን፣ ኦክስጅን የያዘው ከ50 በመቶ ባይበልጥም፣ ስክሪኑ ያው 85 አካባቢ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ 85 መጥፎ ቁጥር ቢሆንም እውነቱ ከዚያም ሊብስ ይችላል።

የከሰል ጭስ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። በጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ የያዘው ሄሞግሎቢን ለመሣሪያው ኦክስጅን የያዘ ይመስለዋል። ሰውየው እየታፈነ ቁጥሩ 98 ሊል ይችላል።

ተራው የደም ጋዝ ምርመራም ያታልላል። ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘውን የሄሞግሎቢን መቶኛ፣ በቀጥታ አይለካም፤ ከኦክስጅኑ ግፊት አስልቶ ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ ደህና ነው ሊል ይችላል። የሚያዋጣው ኮ-ኦክሲሜትር ነው፤ ብዙ ዓይነት ብርሃን ተጠቅሞ እያንዳንዱን የሄሞግሎቢን ዓይነት ለይቶ ይለካል።

ሕክምናው መጀመሪያ መንስኤውን ማቆም፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ከባድ ከሆነ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ሜቲሊን ብሉ የተባለ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ነው። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ለሚያንሳቸው ሰዎች ግን አይመከርም፤ ቀይ የደም ሴሎቻቸውን ሊያፈርስ ይችላል። ሌላም አለ፦ መድኃኒቱ ራሱ ሰማያዊ ስለሆነ፣ በተሰጠ በአፍታ ውስጥ የኦክሲሜትሩ ቁጥር ይብሱን ያሽቆለቁላል፤ ከዚያ ይመለሳል።