ከስፒከሩ ጀርባ ያሉት አራት ማሰሪያዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ጎረቤቴ ያገለገለ ስፒከር ገዝቶ ጀርባውን ሲያይ በሁለት ፈንታ አራት የሽቦ ማሰሪያ አገኘ። «ሁለት አምፕሊፋየር ነው እንዴ የሚፈልገው?» አለኝ። አይፈልግም።

የላይኛው ጥንድ ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትዊተር፣ የታችኛው ወፍራሙን ለሚያወጣው ዉፈር ነው። ሁለቱን ጥንዶች የሚያገናኙ ሁለት ትንንሽ የብረት ቁራጮች አሉ፣ አንዱ ለቀዩ አንዱ ለጥቁሩ፤ እነሱ እስካሉ አንድ ገመድ ይበቃል። ባይ-ዋየሪንግ የሚባለው እነሱን ነቅሎ ከዚያው ከአንዱ አምፕሊፋየር ለየጥንዱ የራሱን ገመድ መዘርጋት ነው። ኃይል አይጨምርም፣ ምንጩ ያው አንድ ነውና። ጎረቤቴ ቁራጮቹን ነቅሎ አንዱን ገመድ ታች ብቻ አሰረው፤ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን መሰለ።

ገመዱስ? ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በቂ ነው (ብዙ ክር ያለው ይሻላል፣ ደረቁ መታጠፍ አይወድም)። ለ5 ሜትር፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 0.07 ኦም ገደማ ነው፤ ከስፒከሩ 8 ኦም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እኔ በአንድ ገመድም በባይ-ዋየሪንግም ሞክሬ ልዩነት አልሰማሁም። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መታሰሩን ግን ደጋግማችሁ እዩ፤ ከሁለቱ ስፒከሮች የአንዱ ገመድ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል።