ስለ ጂን ላቭስ ጄዘበል የሚነገሩ ስህተቶች፦ ሁለት መንትዮች፣ አንድ ስም፣ ሁለት ባንዶች

ጂን ላቭስ ጄዘበል የተባለውን የሮክ ባንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመሠረቱት ጄይ አስተን እና ማይክል አስተን የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ባንዶች አሉ። ብዙው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ አንዱ የሠራው ለሌላው ይቆጠራል፣ ሁለቱ አብረው የሠሩት ደግሞ ለአንዱ ብቻ ይሰጣል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጂን የሚባል ወንድና ጄዘበል የምትባል ሴት የሚዘፍኑበት ባንድ ነው»

በባንዱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙ ጂን ወይም ጄዘበል የሆነ አባል የለም። ስሙ «ጂን ጄዘበልን ይወዳል» እንደማለት ነው። ጄዘበል የሚለው ስም በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኤልዛቤል የሚባለው ነው፣ የንጉሥ አክዓብ ሚስት ስም። ባንዱ ጎቲክ ሮክ (ጨለምተኛ ስሜት ያለው የሮክ ዘርፍ) መሆኑን የሰማ ሰው ደግሞ «ጂን»ን ከጂኒ ጋር እንዳያያይዘው፤ በእንግሊዝኛ ተራ የወንድ መጠሪያ ነው።

ሴት ዘፋኝ አለች የሚለው ግምት የመጣው ከድምፃቸው ነው። መንትዮቹ በመጀመሪያዎቹ አልበሞች ላይ በጣም ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ እየጮኹና እያንጎራጎሩ ይዘፍናሉ፤ ፊታቸውንም ተኳኩለው መድረክ ይወጡ ነበር። በባንዱ ውስጥ ያለፈች ሴት ግን በእርግጥ አለች፤ ጁሊያን ሪገን ትባላለች። ለአጭር ጊዜ ቤዝ ጊታር ተጫውታ ወጣች፤ በኋላ ኦል አባውት ኢቭ የተባለው ባንድ ድምፃዊት ሆና ታወቀች።

«ጄይ አስተን በዩሮቪዥን ያሸነፈችው ናት»

አይደለም፤ የዚህ ባንድ ጄይ ወንድ ነው። በ1981 ዩሮቪዥን የተባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ያሸነፈው ባክስ ፊዝ የተባለው የብሪታንያ ቡድን ውስጥ ጄይ አስተን የምትባል ዘፋኝ ነበረች፤ የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ብቻ የሚፈልግ ሰው ፎቶዎቻቸው ተደባልቀው ስለሚመጡለት የባንዱን ስም ጨምሮ መጻፍ ይሻለዋል።

«የለንደን ባንድ ነው»

ወደ ለንደን የሄዱት በ1981 ነው። ያደጉት በደቡብ ዌልስ፣ ፖርትኮል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ የመጀመሪያው ባንዳቸውም ስላቭ አሪያን ይባል ነበር። ከጊታሪስቱ ኢያን ሃድሰን ጋር ለንደን ገብተው ሲቹዌሽን ቱ ከሚባለው አሳታሚ ጋር ተፈራረሙ፤ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በ1982፣ የመጀመሪያ አልበማቸው «ፕሮሚስ» በ1983 ወጣ።

ዌልስን ትተዋት እንዳልሄዱ ማየት የሚፈልግ የ1986ቱን «ዲስከቨር» ገልብጦ የዘፈኖቹን ዝርዝር ይመልከት። በአሜሪካ ጌፈን የተባለው አሳታሚ ያወጣው፣ ለሬዲዮ የሚመቹ ዜማዎች የሞሉበት አልበም ነው። እዚያው ውስጥ «ሜይድ ኦቭ ስከር» የሚል ዘፈን አለ። ስከር ከፖርትኮል አጠገብ ባሕሩ ዳር ያለ ጥንታዊ ቤት ነው፤ አባቷ የምትወደውን በገና ደርዳሪ እንዳታገባ የከለከላት የዚያ ቤት ልጅ ታሪክ በአካባቢው ሲተረክ የኖረ ነው። የመንደራቸውን ተረት አሜሪካ ድረስ ይዘው ሄዱ ማለት ነው፤ ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ያሳዝናል።

«ጎቲክ አልነበሩም፣ ፖፕ ነበሩ»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ባንዱን ከ1987 ጀምሮ የሰሙት ናቸው። መልሱ የትኛውን አልበም ያዝክ በሚለው ላይ ነው።

«ፕሮሚስ» እና የ1985ቱ «ኢሚግራንት» ጎቲክ ናቸው። ዘፈኑን የሚሸከሙት ሁለቱ ድምፆች ናቸው፤ አንዱ ዝቅ ብሎ ሲያጉረመርም ሌላው ከላዩ እንደ ሙሾ ይለቀዋል፣ ከዚያም ቦታ ይለዋወጣሉ። መንታ ስለሆኑ ድምፃቸው ይቀራረባል፤ በጆሮ ማዳመጫ ካልተሰማ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ የተቀዳ ይመስላል።

ለውጡ የመጣው ከጊታር ነው። ከ«ኢሚግራንት» በኋላ ሃድሰን ወጣና ቼልሲ እና ጀነሬሽን ኤክስ በተባሉት የፓንክ ባንዶች ውስጥ የነበረው ጄምስ ስቲቨንሰን ገባ። ስቲቨንሰን ከፓንክ የመጣ፣ ሪፉን (ተደጋጋሚውን የጊታር ሐረግ) አጥብቆ የሚይዝ ጊታሪስት ነው። በ«ዲስከቨር» ጊታሩ ወደ ፊት ወጣ፣ የድምፆቹ ጩኸት ቀነሰ፣ አዝማቹ ተለየ። የ1987ቱ «ዘ ሃውስ ኦቭ ዶልስ» ደግሞ ይበልጥ ወደ ሬዲዮ ተጠጋ፤ «ዘ ሞሽን ኦቭ ላቭ» የተገኘውም ከዚያ ነው። እኔ «ዲስከቨር»ን የምመርጠው ሁለቱ ዘመኖች አንድ ላይ የሚሰሙበት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

«ትልቁን ዘፈናቸውን ወንድማማቾቹ አብረው ዘፈኑት»

ትልቁ የሚባለው «ጀለስ» ነው። በ1990 ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የሞደርን ሮክ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በዋናው መቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ደግሞ 68ኛ ደረጃ ደረሰ። ማይክል ግን ያን ጊዜ ባንዱ ውስጥ የለም፣ በ1989 ወጥቷል። ዘፈኑ ባለበት «ኪስ ኦቭ ላይፍ» በተባለው አልበም ላይ መሪ ድምፃዊው ጄይ ብቻ ነው፤ ከ«ፕሮሚስ» ቀጥሎ ያዳመጠው ሰው የጎደለውን ሁለተኛ ድምፅ ወዲያው ይሰማዋል።

«አንዱ ባንድ እውነተኛ፣ ሌላው አስመሳይ ነው»

ሁለቱንም የሚመሩት መሥራቾቹ ናቸው። በ1990ዎቹ ውስጥ ወንድማማቾቹ ታርቀው አብረው መሥራት ጀምረው ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከዚያ ጄይ በብሪታንያ፣ ማይክል በአሜሪካ በየፊናቸው በዚያው ስም ቀጠሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በስምምነት ሲያልቅ ስሙ በአገር ተከፈለ። በአሜሪካ ያለ ተጨማሪ በስሙ የሚጠራው የማይክል ባንድ ነው፤ ጄይ እዚያ ሲጫወት «ጄይ አስተንስ ጂን ላቭስ ጄዘበል» ይባላል። በብሪታንያ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ ብቻውን የተጻፈ እንደሆነ የጄይ ነው፣ ማይክል የራሱን ስም ከፊት ያስቀድማል።

ስለዚህ ትኬት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ከባንዱ ስም በፊት የሰው ስም መኖሩን ይይ። የሙዚቀኞቹ ስም ከተዘረዘረ ደግሞ ስቲቨንሰንን ይፈልግ፤ እሱ ከጄይ ጋር ነው።

ኦንላይን ላይ የሁለቱ ሥራዎች በአንድ ገጽ ተቀላቅለው ይገኛሉ። በ1999 ብቻ ሁለት አልበም ወጥቷል፦ «ሰቨን» የጄይ፣ «ላቭ ላይስ ብሊዲንግ» የማይክል። የ2001ዱ «ጊቪንግ አፕ ዘ ጎስት» የማይክል ነው፤ የ2017ቱ «ዳንስ አንደርዋተር» የጄይ፣ ከስቲቨንሰን፣ ከቤዝ ተጫዋቹ ፒተር ሪዞ እና ከድራመሩ ክሪስ ቤል ጋር። «ዘ ሃውስ ኦቭ ዶልስ»ን የሚወድ ሰው ከአዲሶቹ መጀመር ያለበት በዚህኛው ነው፤ ከማይክል በቀር የተጫወቱት እነዚያው ናቸው።