ሪሌ ላይ ያለው «30» ምንድን ነው?

ሪሌ በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። እሱ ላይ የተጻፈው 30 ደግሞ 30 አምፔር ማለት አይደለም። በዚህ ዓመት ብቻ ስህተቱን ሦስተኛ ጊዜ ስላየሁት ቀድሜ ልናገር።

ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ኦፔል ሬኮርድ ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ድረስ ተጎትቶ መጣልኝ። የነዳጅ ሥርዓቱ ኤል-ጄትሮኒክ ነው፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጅ መርጫ። ኮፈኑን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቀድሞ የሠራው ሰው የፋብሪካውን ድርብ ሪሌ (ሁለት ሪሌ በአንድ ሳጥን) አውጥቶ ሁለት ተራ ባለ አራት እግር ሪሌ ገጥሞበታል። ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ከጎኑ ካለው ሽቦ ጋር ተጣብቋል። መሐሉ ላይ ያለው ፊውዝ ግን ደህና ነው፣ ምንም አልነካውም። ባለ 30 አምፔር።

የመኪናውን ባለቤት ጠየቅኋቸው፦ «ጋሼ፣ ይሄን ፊውዝ ማን አስገባው?»

«ሪሌው ላይ 30 ይላል፣ ልኩ ይሄ ነው ብሎ አስገባልኝ።»

ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ያን ሁሉ ኃይል አይችልም። ፊውዝ የሚገባው ሽቦውን ለማዳን ነበር፤ እዚህ ሽቦው ተቃጥሎ ፊውዙን አዳነው።

30 አምፔር ከሆነ እዚያው ሪሌ ላይ ያለው 87ስ? 87 አምፔር ሊባል ነው? 85 እና 86ስ? እነዚህ ቁጥሮች ዲን 72552 ከሚባለው የጀርመን ደረጃ የመጡ የእግር ስሞች ናቸው። ስለ ኃይል መጠን አንዳች አይናገሩም። የሚናገሩት ያ እግር ምን ሥራ እንዳለው ነው።

በአንድ ደብር ውስጥ ቄሰ ገበዝ የሥራ ስም ነው። ሰውዬው ቢለወጥም ኃላፊነቱ እዚያው ነው። 30ም እንደዚያ ነው። ሽቦው ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ከባትሪ ፖዘቲቭ በቀጥታ ከመጣ 30 ነው። የደብሩ ዘበኛ በሉት፤ ቁልፉን ነቅላችሁ ብትሄዱም ሌት ተቀን ከግቢው አይጠፋም። 15 ቄሰ ገበዙ በር ሲከፍቱ የሚገባው ነው፤ ቁልፍ ስታዞሩ ኃይል ያገኛል። 50 ደወሉ ነው። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ዝም። 31 ደግሞ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ እኛ ማሳ የምንለው። የእርሻው ማሳ አይደለም፣ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው። ሪሌው ራሱ በር ነው። 85 እና 86 በሩን የሚከፍተው እጅ ናቸው፤ ትንሽ ኃይል ይበቃቸዋል። ሕዝቡ የሚያልፈው ከ30 ወደ 87 ነው። ምን ያህል ሕዝብ ያልፋል የሚለውን የበሩ ስም አይነግራችሁም። ሽቦውንና የሚሠራበትን ዕቃ ማየት አለባችሁ።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ቁጥሩን ተወው፣ ቀለሙን ተከተል» ብሎ ተከራክሮኛል። አልስማማም። በብዙ የጀርመን መኪኖች ማሳው ቡናማ ነው፤ ጥቁር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ነው። እጁ «ጥቁር ኔጌቲቭ ነው» ብሎ የለመደ ሰው 15ን ከቦዲ ጋር ያገናኘዋል። በዚያ ላይ አርባ ዓመት ሲጠገን የኖረ መኪና ውስጥ የፋብሪካው ቀለም ስንት ቦታ ተቆርጦ በሌላ ተቀጥሏል! ቀለሙ ሊያሳስት ይችላል። 15 ግን በየትኛውም ቀለም 15 ነው።

የመኪናው የሽቦ ዲያግራም (ንድፍ) ላይ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ፤ አትቀላቅሏቸው። ከሽቦው መስመር አጠገብ 1.5 ወይም 2.5 የሚለው ውፍረቱ ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር። የፊውዝ ልክ ስትፈልጉ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። በቮልስቫገን ወረቀቶች ላይ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ መስመሩ ወረቀቱ ግርጌ ላይ በየትኛው ቁጥር ትይዩ እንደሚቀጥል ያሳያል። ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል) ላይ ያለው 1 ደግሞ «መጀመሪያ» ማለት አይደለም፤ የኔጌቲቩ ጎን ነው። ፖዘቲቩ 15 ነው። የኢንጀክሽኑ ኮምፒውተር ሞተሩ መዞሩን የሚያውቀው ከዚያ 1 ነው። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ሞተሪኖው ቢዞርም ኢንጀክተሮቹ ነዳጅ አይረጩም።

ይህ ሁሉ ለጀርመን መኪና ነው። ብዙ የጃፓን ሪሌ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 5 ነው የምታገኙት። የኦፔሉ የፋብሪካ ድርብ ሪሌ ላይም 88 ከፊደል ጋር ታያላችሁ። ስለዚህ የራሳችሁን መኪና ወረቀት ያዙ። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ካያችሁም ወዲያው ሽቦ አትቁረጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። የኤል-ጄትሮኒክ የአየር መለኪያ ደግሞ ይህን ስስነት በደንብ ስለማይለይ ነዳጅ ያበዛል። ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ጭሱ የሚቀንስ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ላይሆን ይችላል።

ኦፔሉ ላይ ከፊውዙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የቤንዚን ፖምፓው በቀጥታ ከ15 ተስቧል። ቀድሞ የሠራው ሰው ቁልፍ ሲያበራ የፖምፓ ድምፅ ስላልሰማ ተበላሽቷል ብሎ ነው። ኤል-ጄትሮኒክ ግን እንደዚያው ነው የተሠራው። ፖምፓው መጀመሪያ ኃይል የሚያገኘው በ50፣ ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚገባው አየር መለኪያው ውስጥ ያለውን ክዳን ሲገፋው፣ እዚያ ያለች ትንሽ ኮንታክት ፖምፓውን ታስቀጥላለች። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ከጠፋ አየር የለም፤ ክዳኑ ይመለሳል፣ ፖምፓው ይቆማል። ከ15 ከሳባችሁት ግን ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ ቤንዚኑን በ2.5 ባር ገደማ ሲገፋ ይቆያል፤ የተቀደደ ጎማ ቱቦ ካለ በጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። መኪናው ውስጥ ሰው አለ!

ጋሼ ትናንትም ደውለው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ። የቀለጠውን ሽቦ ቀይሬዋለሁ፣ ፖምፓውን ከ15 ነቅዬዋለሁ። ድርብ ሪሌው እስኪገኝ መኪናው ከግቢዬ አይወጣም አልኳቸው።