ካምፕ ፎር ምንድን ነው?

ስሙ የጦር ሰፈር ይመስላል፣ ግን አይደለም። ካምፕ ፎር አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝ የድንኳን መትከያ ቦታ ነው። አቧራ፣ የጥድ ዛፎች፣ ድብ እንዳይዘርፈው ምግብ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን፣ በቃ። ለማየት ብቻ ከሄዳችሁ ምኑም አያጓጓም።

ገደል ለሚወጡ ሰዎች ግን እዚህ ማደር እንደ መሳለም ነው። ምክንያቱ ቅርብ ነው፦ ኤል ካፒታን የሚባለው 900 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ አለት እዚያው ሸለቆ ውስጥ ቆሟል። ዋረን ሃርዲንግና ጓደኞቹ «አፍንጫ» በሚባለው መስመር ሊወጡት በ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው፣ እየወረዱና እየተመለሱ፣ ጫፉ ላይ የደረሱት በኖቬምበር 1958 ነው። በ1975 ጂም ብሪድዌል፣ ጆን ሎንግና ቢሊ ዌስትቤይ ያንኑ መስመር ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ጨረሱት! ይህን ሁሉ ያደርጉ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ኪሳቸው ባዶ ነበር። ቋሚ ሥራ አልነበራቸውም፣ ከተፈቀደው ቀን በላይ እየከረሙ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ድብብቆሽ ይጫወቱ ነበር። ከመካከላቸው ኢቮን ሽናርድ የሚባለው ስንጥቅ ውስጥ የሚመታውን የብረት ችካል ራሱ እየቀጠቀጠ ከመኪናው ኋላ ይሸጥ ነበር። ፓታጎኒያ የሚባለውን የልብስ ብራንድ የምታውቁት ከሆነ፣ መሥራቹ እሱ ነው።

በ1997 ሸለቆውን ጎርፍ መታው። ከዚያ በኋላ ፓርኩ ካምፑ አጠገብ የሠራተኞች መኖሪያ ሊሠራ አሰበ። ቶም ፍሮስት የተባለ አንጋፋ ገደል ወጪ ነገሩን ፍርድ ቤት ወሰደው፣ ሌሎችም ተከተሉት። በ2003 ካምፕ ፎር በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። የሚገርመው፣ እንደ ቅርስ የሚጎበኝ ቤት እንኳ የለውም።

ሰው ፎቶ የሚነሳው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ጋ ነው። ቋጥኙ ላይ በጠመኔ የተሳለች ትንሽ የመብረቅ ምልክት አለች። በ1978 ሮን ካውክ ያለ ገመድ፣ በጣቱና በጫማው ብቻ የወጣበት መስመር ነው፤ «የእኩለ ሌሊት መብረቅ» ይሉታል። ምልክቷን የሳላት ጆን ባካር የተባለ ሌላ ገደል ወጪ ነው። በ2013 አንድ ሰው አጠፋት። ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሳ ተሳለች።